አጥሩ መቼ ይነሣል?

ደብረ ታቦር ውስጥ ሕንፃ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሲሚንቶና ፌሮ ስንት እንደሚፈጅበት ከእኔ ቀድሞ አስልቶ ነው የሚመጣው። ስለ ግንባታው አጥር ስጠይቀው ግን «አጣናና አሮጌ ቆርቆሮ አይጠፋም» ብሎ ያልፈዋል። አጥሩ ከይዞታው ሳይወጣ ቢቆም ልክ ነበር። መሠረቱ እስከ ወሰኑ ጠርዝ ሲቆፈር ግን ቆርቆሮው የሚያርፈው የእግረኛው መንገድ ላይ ነው። ይህ ከሕዝብ መበደር ነው፤ አበዳሪው ሳይጠየቅ አይሆንም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የሕንፃ ሹም አቁሟል፤ ግንባታ ሲካሄድ ለሠራተኛውም ለአላፊ አግዳሚውም ጥንቃቄ እንዲደረግ አዟል። አሠሪዎች ይህን ስነግራቸው ብዙም አይደነግጡም። የሚደነግጡት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ሳነሣ ነው፦ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

አጥሩን መንገድ ላይ ለማቆም ለማዘጋጃ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ሲባል ብዙዎች አንድ ገጽ ደብዳቤ ይመስላቸዋል። እኔ ንድፍ አያይዛለሁ። አጥሩ የቱ ጋ እንደሚቆም፣ በሩ ወደ ውስጥ እንደሚከፈት፣ አሸዋው የት እንደሚራገፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግረኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ ይታይበታል። መለኪያዬ የተጫነች አህያ ከነነጂዋ ናት፤ እሷን የማያሳልፍ መተላለፊያ በገበያ ቀን ሰውን ወደ አስፋልቱ፣ ከባጃጅ ፊት ይገፋዋል። የማእዘን ቦታ ከሆነ ደግሞ ጫፉን ቆረጥ አድርጌ እስላለሁ፤ ባጃጅ ነጂው ከቆርቆሮው ጀርባ የሚመጣውን ሰው ማየት አለበት።

የውኃ መውረጃ ቦዩን ለብቻው በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰምረዋለሁ። ጉና ተራራ ሥር ያለ ከተማ ክረምቱ ቀልድ አያውቅም። ቋሚ አጣና ቦዩ ውስጥ ከተተከለ፣ ወይም የተራገፈው አሸዋ ከዘጋው፣ የሐምሌ ዝናብ ጎረቤት ሱቅ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የቱንም ያህል ማኅተም ቢኖረው ጎረቤት አያስታርቅም።

ከማዘጋጃ ቤት በፊት የምሄደው ግን ወደ ሰፈሩ ሽማግሌዎችና ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥር 10 ታቦቱ በየት ይወርዳል? ነሐሴ 13 ቀን፣ በስሙ በምትጠራው ከተማ የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር ሕዝቡ በየት ያልፋል? መንገዱ በግንባታው በኩል ከሆነ አጥሩን እንደ ወትሮው መሬት ላይ አልተክለውም። ቆርቆሮውን በየክፍሉ ሞራሌ ላይ አስመትቼ ክፍሎቹን በሽቦ አሳስራለሁ፤ በዋዜማው ተፈትቶ ወደ ኋላ ይገባል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ከኋላው ጠንካራ ደጋፊ ይፈልጋል፤ ነፋስ አለ፣ ደግሞም ልጆች ታቦት ለማየት የማይወጡበት ነገር የለም። ይህን በማመልከቻው ላይ አስቀድሜ ስጽፈው ከማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ጋር ክርክሩ ያጥራል።

አዲስ ዘመን ከተማ በኩል ስሠራ አጣናው ከየት እንደተቆረጠም እጠይቃለሁ። የገበሬው ባሕር ዛፍ እያለ፣ የጣራ ገዳም መነኮሳት ጠብቀው ያቆዩት አገር በቀል ደን ለአጥር ቋሚ መነካት የለበትም።

አስቸጋሪው ጥያቄ አጥሩ «ጊዜያዊ» ነው ሲባል እስከ መቼ ነው የሚለው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1979 እ.ኤ.አ. ከሕንፃ የወደቀ ስባሪ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ገደለ፤ በዓመቱ የሕንፃዎች የፊት ግድግዳ በየጊዜው እንዲፈተሽ የሚያዝ ሕግ ወጣ። የእግረኛ መከለያም በየመንገዱ በዛ። ሃርለም የሚገኝ አንዱ መከለያ ከ21 ዓመት በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የተነሣው፤ ባለቤቶች ግድግዳውን ከማደስ መከለያውን ማቆየት ይረክሳቸዋል። እኛ ጋ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሶሌታው እንደተሞላ ገንዘብ ያልቃል፣ ሥራው ይቆማል፣ አጥሩ ግን ቦታውን አይለቅም። ሁለተኛው ክረምት ሳይመጣ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፣ ከጎኑ ሻይ ማፍያ ይጠጋል፤ እግረኛው አስፋልት ላይ መሄዱን ይለምደዋል።

ስለዚህ በማመልከቻዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልተውም፦ አጥሩ የሚነሣበት ቀንና የሚያነሣው ሰው፤ እንዲሁም ሥራው ከተቋረጠ ቆርቆሮው ወደ ይዞታው ወሰን እንደሚመለስ። አሠሪዎቼ አይወዱትም፤ እጃችንን አሰርከን ይላሉ። ሊታሰር ይገባል ባይ ነኝ።

ፈቃድ የምትሰጡ ባለሙያዎች፣ የመነሻ ቀን የሌለበት ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ፣ የእኔም ቢሆን፣ ሳትፈርሙ መልሱልን።