በዓይን የሚወጣ ዛፍ

ከከተማዋ ላይኛው ክፍል፣ ከሴቻ አፋፍ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት የአርባ ምንጭ ደን ሜዳ ይመስላል። ቁመቱ የሚገባዎት ወርደው ከአንድ ትልቅ ሾላ ግንድ ሥር ሲቆሙ ነው።

ልጅነቱን በገጠር ያሳለፈ ሰው ዛፍ ለመውጣት አስተማሪ አያሻውም፤ ሾላ ለመልቀም ጉልበቱን ያልተላጠ ማን አለ? እዚህ ግን በእግር መውጣቱን ለጉሬዛ ትቶ፣ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር በዓይን መውጣት ይበልጣል። ጉዞው ከሥሩ ይጀምራል። ቀጥሎ ፍሬው ይመጣል፤ የሾላ ፍሬ ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ በዘለላ ይበቅላል። ከዚያ ሐረግ፣ ከዚያ ባላ፤ በመጨረሻ ከቅጠሉ መሀል የሚንጠለጠል ነጭ የጉሬዛ ጭራ።

ዛፎቹን እንዲህ ያገዘፋቸው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በጋሞ ደጋ የዘነበው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ ከተራራው ግርጌ ይፈልቃል፤ ስለዚህ ደኑ በበጋም አረንጓዴ ነው። ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች እዚሁ ናቸው፤ ነዋሪውም ከእነሱ ይጠጣል። ደኑ ያለበት የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ብዙ ጎብኚ ግን ደኑን ሳያይ፣ አዞ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

እርስዎ ግን ግማሽ ቀን ይጨምሩ። አስጎብኚ ይያዙ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ቅርንጫፍ አይስበሩ፤ ከሾላው ሥር ቆመው ቀና ይበሉ።