የበሶብላ መዓዛ ወዴት ይሄዳል?

በሽንዲ ዙሪያ የበርበሬው ማሳ መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ ከኮሌጅ ወጥታ ወደ ወምበርማ የተመደበች አንዲት የግብርና ባለሙያ ከጓሮዬ ድረስ መጥታ፣ በዳሱ ጥላ ሥር ቁልቁል የተሰቀለውን የበሶብላ ዘለላ ከተመለከተች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ፀሐዩ እንዲህ እያለ እዚህ ጨለማ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ማቆየት ለምን አስፈለገ? ቆርቆሮው ላይ ቢያሰጡት በአንድ ቀን ይደርቅልዎት አልነበረም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የእርስዋ ብቻ አይደለም፤ ቡሬ ላይ ቅመማ ቅመም የሚነግድ አንድ ወዳጄም በዚሁ ነገር ዘወትር ሲያፌዝብኝ ኖሯል። እንዲህ ያለውን ክርክር በቡና ላይ ጨርሶ መነሣት ስለማይቻል፣ በጽሑፍ መልስ መስጠትን መረጥሁ።

አስቀድሞ መዓዛው የተቀመጠበትን ስፍራ ማወቅ ይገባል። የበሶብላን ቅጠል ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ላየው ሰው፣ በገጹ ላይ የተበተኑ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩታል፤ እያንዳንዱም ነጠብጣብ በጥቂት ሕዋሳት ራስ ላይ የተወጠረ፣ እጅግ ስስ ልባስ ያለው የዘይት ከረጢት ነው። ይህ ሥሪት ከናና፣ ከጦስኝና ከዳማከሴ ጋር በአንድ ወገን የተቈጠሩት መዓዛማ ዕፀዋት የሚጋሩት ነው። ቅጠሉ ገና ከግንዱ ሳይቀጠፍ በጣት ዳሰስ ሲያደርጉት የሚያውደውም ሀብቱን በጓዳው ሳይሆን በደጁ ስላኖረ ነው፤ በደጅ ያለ ሀብት ደግሞ ፀሐይም፣ ነፋስም፣ ሻካራ እጅም ያገኘዋል።

በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ሊናሎል አለበት፤ ይኸውም የድምብላል ፍሬ መዓዛ አለቃ የሆነው ነው። ኤስትራጎል አለበት፤ እርሱ ወደ እንስላል ያደላል። የቅርንፉድ መዓዛ የሆነው ዩጂኖልም፣ በኮረሪማ ፍሬ የሚበዛው ሲኒዮልም ከዚያው ይገኛሉ። መጠናቸው ግን እንደ ዘሩ፣ እንደ አፈሩና እንደ አጨዳው ወራት ይለያያልና፣ የአንዱ ጓሮ በሶብላ እንስላል እንስላል ሲል የጎረቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። በውጭው ዓለም ገበያም በሬዩኒየን ደሴት ስም የሚጠራው ዓይነት ኤስትራጎል የበዛበት ሲሆን፣ የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች የሚያከብሩት ግን ሊናሎል የጎላበትን ነው። በእኔ አስተያየት የጓዳ ሊቃውንት የሆኑት እናቶቻችን ድምብላሉን፣ ኮረሪማውንና ቅርንፉዱን ለየብቻ ገዝተው ሲያዋሕዱ፣ ተፈጥሮ አስቀድማ በአንድ ቅጠል ላይ ያዋሐደችውን ማኅበር ማስፋታቸው ነው።

የቡሬው ወዳጄ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ስለሆነ በቀላሉ አይረታም። «ሊናሎል የሚፈላው በ198 ዲግሪ፣ ኤስትራጎል በ216፣ ዩጂኖልም በ254 ከሆነ፣ የጎጃም ፀሐይ ምን ሊያደርጋቸው ይችላል?» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። አንድ ፈሳሽ ወደ አየር ለመውጣት እስኪፈላ አይጠብቅም፤ ይልቁንም ከውኃ እንፋሎት ጋር በተጎዳኘ ጊዜ፣ የሁለቱ ግፊት ተደምሮ የአየሩን ግፊት ስለሚተካከል፣ ዘይቱ ከውኃው መፍያ በታች ተነሥቶ ይሄዳል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኝበት በዚህ አገራችን፣ ውኃ ራሱ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፣ ጉዞው ይበልጥ ይቀላል። ርጥብ ቅጠል በጋለ ቆርቆሮ ላይ ሲሰጣ፣ ውኃው ሲተን ዘይቱን አስከትሎ ይወጣል፤ ቀድመው የሚሰናበቱትም ቀላሎቹ፣ ሲኒዮልና ሊናሎል፣ ሲሆኑ፣ የሚቀረው የከባዶቹ ቅሬታ ነው። የማድረቂያው ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳይዘል ባለሙያዎች የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

ከማድረቅ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ግን የቅቤው ነገር ነው፤ በዚህም ከብዙ ወይዛዝርት ጋር ተጣልቻለሁ። ጥሬ ቅቤ ከመቶ 15 እጅ ገደማ ውኃ አለበት። ምጣዱ ላይ ሲንጣጣና ሲያረፋ የሚሰማው ድምፅ የዚያ ውኃ መውጣት ነው። በሶብላውና ኮሰረቱ ከመጀመሪያው ከተጨመሩ፣ እንፋሎቱ መዓዛውን እየለቀመ በጣሪያው በኩል ይዞት ይነጉዳል። አላፊ አግዳሚው «የማን ቤት ነው እንዲህ የሚሸተው?» ሲል ባለቤቲቱ ደስ ይላታል፤ እኔ ግን እላለሁ፦ መንገደኛው ያሸተተው ሁሉ ከቅቤው የጎደለ ነው። ቅቤው ዝም እስኪል ጠብቆ፣ ከእሳት አውርዶ፣ ጥቂት ሲበርድ ቅመሙን ቢጨምሩት፣ ይህ ዘይት ውኃን ጠልቶ ስብን የሚወድ ነውና፣ በቅቤው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። «እናቴ እንዲህ አላደረገችም» የሚለው መልስ ለእኔ መልስ አይሆነኝም።

የእኔ እናት አረቄ ታወጣ ነበር። ድፍድፉን በጋን ጨምራ፣ አፉን በጭቃ መርጋ፣ ከሥሩ እሳት ስታነድ፣ በመቃው የሚሾልከው እንፋሎት በቀዝቃዛ ውኃ ከተነከረው ዕቃ ደርሶ ጠብ ጠብ ሲል ማየት የዕለት ጨዋታዬ ነበር። ከዚያ ቅኔ ቤት ገባሁ፤ ከዚያም ዘመናዊ ትምህርት ተምሬ የኬሚስትሪ መምህር ሆንሁ፤ በሰሌዳ ላይ የማጣሪያውን ሥዕል በሣልሁ ቁጥር የማየው የእርስዋን ጋን ነበር። ዛሬ ድፍድፉን በበሶብላ ለውጬ በዚያው ሥርዓት ዘይት አወጣለሁ። ከመቶ ኪሎ ርጥብ ቅጠል ግማሽ ኪሎ ዘይት እንኳ አይገኝም፤ በእኔ ጋን መጠንማ የሚንሳፈፈው ብጫማ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ንግድ አይሆንም፤ በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ መዓዛማ ዕፀዋት የሚመራመሩት ጠበብት ቢያዩትም ፈገግ ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ያ ሽፋን ብቅ ሲል፣ እናቴ ሳትጽፈው ያስተማረችኝን ትምህርት አነበዋለሁ፦ መዓዛ አይጠፋም፤ መቀበያ ካላበጁለት ግን ይኰበልላል።

ስለ አጨዳው ጊዜም የምለው አለኝ። በቅኔ ቤት ሳለሁ የመስቀሉ ስፍራ በዕጣን ጢስ እንደ ታወቀ ተምሬ ነበር። የግሪክ ክርስቲያኖች ግን ንግሥት እሌኒን ወደ ስፍራው የመራት በዚያ የበቀለ በሶብላ ነው እያሉ ይተርካሉና፣ በመስቀል በዓል ካህናታቸው ጠበሉን የሚረጩት በበሶብላ እቅፍ ነው። በእኛም አገር በሶብላ የሚያብበው በመስከረም ስለሆነ፣ ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ከመስቀል ደመራ በፊት ማጨድ አልሆንልህ ብሎኛል፤ ምክንያቱ ሳይንስ አይደለም፤ ይሁንና አበባው በሙላት የሚገኘውም ያን ጊዜ ነው።

ለባለሙያዪቱ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው፤ ለአንባቢም የምለው ከዚህ አይለይም። ደቅቆ በላስቲክ የታሸገ በሶብላ አትግዙ፤ ከረጢቶቹ ወፍጮ ላይ ፈንድተው ዘይቱ ከመንገድ ቀርቷል። አበባው ያልረገፈ፣ ቀለሙ ያልከሰመ ዘለላ ፈልጋችሁ፣ አንዱን ቅጠል በጣታችሁ አሽታችሁ ግዙ፤ በጥላ አኑሩት፤ የምትደቁሱትም ለዚያው ቀን የሚበቃችሁን ብቻ ይሁን።