ስም የሌለው ማኅተም፦ አጃቢዋ መርከብ «ሜሰን» እና ፖስታዎቿ

የጦር መርከብ ፖስታ የሚሰበስቡ ሰዎች ቀድመው የሚያዩት ማኅተሙን ነው። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች የየራሳቸው ፖስታ ቤት እንዲኖራቸው በሕግ የተፈቀደው በ1908 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በማኅተሙ ክብ ላይ የመርከቧ ስም፣ በመሐሉ ቀኑ ይታተም ጀመር። በ1930ዎቹ ስብስቡ ከፍተኛ ፍቅር አተረፈ፤ «ዩኒቨርሳል ሺፕ ካንሰሌሽን ሶሳይቲ» የተባለው ማኅበር በ1932 ተመሠረተ፤ በሎሲ ስም የሚጠራው የአመዳደብ ሥርዓትም ማኅተሞችን በክባቸው፣ በመስመራቸውና በጽሕፈታቸው እየለየ ቁጥርና ፊደል ሰጣቸው። ሥርዓቱ ለስብስብ ብዙ ጠቅሟል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የሚመድበው የፖስታ ቤቱን መሣሪያ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው በምደባው ውስጥ ቦታ የለውም፤ የዚህን ጉድለት ክብደት «ዩኤስኤስ ሜሰን»ን ያህል የሚያሳይ መርከብ አላውቅም።

ሜሰን በቦስተን የባሕር ኃይል መርከብ ግንባታ ተሠርታ መጋቢት 20 ቀን 1944 አገልግሎት ጀመረች። ከኤቫርትስ ምድብ አጃቢ መርከቦች አንዷ ስትሆን ርዝመቷ 88 ሜትር ገደማ ነበር፤ ሥራዋም በአትላንቲክ የሚጓዙ የመርከብ ቅፍለቶችን ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መጠበቅ ነበር። በመጠንም በመሣሪያም ከእህቶቿ አትለይም። የለያት ሠራተኛዋ ነው፦ 160 ጥቁር ባሕረኞችና 44 ነጮች። በመጀመሪያ መኮንኖቹ ሁሉ ነጮች ነበሩ፤ አዛዡም ዊልያም ብላክፎርድ። እስከ 1942 አጋማሽ ድረስ ባሕር ኃይሉ ጥቁር ምልምሎችን የሚቀበለው መኮንኖችን በገበታ ለማስተናገድና ለማእድ ቤት ሥራ ነበር። በሜሰን ላይ ግን ጥቁሮች የሬዲዮ፣ የምልክት፣ የሞተርና የመድፍ ባለሙያዎች ሆኑ። ባሕር ኃይሉ ይህን እንደ ሙከራ ነው ያየው። ባሕረኞቹ ደግሞ ቅፍለቶችን ከጠላት ከመጠበቅ በተጨማሪ ራሳቸውን የማስመስከር ሸክም ተጫነባቸው።

ፈተናው የመጣው ከጠላት ሳይሆን ከአየሩ ነው። በ1944 መስከረም «ኤንዋይ 119» የተባለው ቅፍለት ከኒው ዮርክ ተነሣ፤ አብዛኞቹ ለውቅያኖስ ያልተሠሩ ጎታች ጀልባዎችና ባርጆች ነበሩ። በጥቅምት ወደ እንግሊዝ ጠረፍ ሲቃረቡ ከባድ ማዕበል ያዛቸው፤ ከቅፍለቱ የሰጠሙም ነበሩ። ሜሰን ትናንሾቹን እየመራች ወደ ፋልማዝ ወደብ አስገባች። የራሷ ወለል በማዕበሉ ኃይል ተሰነጠቀ፤ ሠራተኞቹ ማዕበሉ ሳይበርድ በየዱት፤ ተመልሳም ቀሪዎቹን ለመርዳት ወጣች። ብላክፎርድም የቅፍለቱ አዛዥም ሠራተኞቹ የምስጋና ደብዳቤ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ምስጋናው የደረሰው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አብዛኞቹ ሳያዩት ካለፉ በኋላ ነው። ይህ መዘግየት ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ሥራው ሲሠራ ያዩት ሁለት አዛዦች የጻፉትን ማንበብ ሃምሳ ዓመት አይፈጅም ነበር።

ወደ ፖስታዎቹ እንመለስ። ፐርል ሃርበር ከተደበደበ በኋላ የመርከቦች ስም ለደኅንነት ሲባል ከማኅተሞች ወጣ፤ በቦታው «ዩ.ኤስ. ኔቪ» የሚል ብቻ ቀረ። የሎሲ ሥርዓት እነዚህን ስም አልባ ማኅተሞች «ዜድ» በሚል ቅጥያ ይለያቸዋል። ሜሰን አገልግሎቷን በሙሉ ማለት ይቻላል ያሳለፈችው ይህ ደንብ በጸናበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ማኅተሙን ብቻ የሚያይ ሰብሳቢ የሜሰንን ፖስታ ከሌሎች መቶዎች ሊለየው አይችልም። የሚለየው በግራ በኩል ባለው የላኪ አድራሻ ነው፦ የባሕረኛው ስም፣ ማዕረግና ሙያ፣ የመርከቧ ስም፣ ከዚያም «ፍሊት ፖስት ኦፊስ፣ ኒው ዮርክ»። በቀኝ ማዕዘን፣ በቴምብሩ ቦታ፣ ባሕረኛው በእጁ «ነጻ» ብሎ ይጽፋል፤ ከ1942 ጸደይ ጀምሮ ወታደሮች ተራ ደብዳቤ ያለ ክፍያ ይልኩ ነበርና። በአየር እንዲሄድለት የፈለገ የ6 ሳንቲም ቴምብር ይለጥፋል።

ከሁሉ በላይ ልናነበው የሚገባ ሌላ ምልክት አለ፤ እሱም የሳንሱሩ ማኅተም ነው። በጦርነቱ ጊዜ የባሕረኞችን ደብዳቤ የሚመረምሩት የመርከቧ መኮንኖች ነበሩ። መኮንኑ አንብቦ፣ መቆረጥ ያለበትን ቆርጦ፣ የሳንሱሩን ማኅተም መትቶ የስሙን መነሻ ፊደላት ይጽፍበታል። ደንቡ ለሁሉም መርከብ አንድ ነው። በሜሰን ላይ ግን አንድ ጥቁር ባሕረኛ ለሚስቱ የጻፈውን ናፍቆት ነጭ መኮንን ያነበዋል ማለት ነው። በተለያየ ደረጃ የቆሙ ዜጎች በአንዲት ወረቀት ላይ ተገናኝተዋል፤ የአንዱ ስም በግራ፣ የሌላው ፊደላት በሳንሱሩ ማኅተም ውስጥ። የመርከቧን ሥርዓት ከዚህ የበለጠ በአጭሩ የሚያሳይ ሰነድ አይገኝም። ሆኖም በብዙ የሽያጭ ዝርዝሮች እንዲህ ያለ ፖስታ «ሳንሱር የተደረገ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ» ተብሎ ይታለፋል።

በማኅተሙ ክብ ላይ «ሜሰን» የሚል ስም በግልጽ የሚታይበት የድሮ ፖስታ ያገኘም ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በዚህ ስም የተጠራች ሌላ አጥፊ መርከብ ቀድማ ነበረች፤ ስሟን ያገኘችው ከባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ከጆን ያንግ ሜሰን ነው። በ1940 ለእንግሊዝ ተሰጥታ «ብሮድዋተር» ተባለች፤ በጥቅምት 1941 ቅፍለት ስታጅብ በጀርመን ሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች። የእኛዋ አጃቢ ደግሞ የተሰየመችው በኮራል ባሕር ጦርነት በ1942 በሞተው አብራሪ በኒውተን ሄንሪ ሜሰን ነው። በ2003 አገልግሎት የጀመረችው ሦስተኛዋ ሜሰን በበኩሏ የጥቁር ባሕረኞቹን መታሰቢያነት ይዛለች። ለመታሰቢያ በሥዕል አሸብርቀው የሚታተሙ ፖስታዎች ያምራሉ፤ ምንጭነታቸው ግን ስለተሠሩበት ዘመን ስሜት እንጂ ስለ 1944 አይደለም። ሥዕሉ በአሮጌ ፖስታ ላይ ዘግይቶ የተጨመረ መሆኑም ይገጥማል።

ስለዚህ የካታሎጎቻችን ዓምዶች መለወጥ አለባቸው። ከማኅተሙ ዓይነት ጎን የላኪው ማዕረግና ሙያ፣ የሳንሱሩ ፊደላት፣ የተላከበት ከተማና «ነጻ» የሚለው ጽሑፍ መመዝገብ ይገባቸዋል። የዘመኑ የባሕር ኃይል የሠራተኞች ስም ዝርዝር በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ የላኪውን ስም ከዚህ ዝርዝር ጋር፣ የሳንሱሩንም ፊደላት ከመኮንኖቹ ስም ጋር ማመሳከር ይቻላል። ስም አልባ ማኅተም የተመታበት፣ በጨረታ ዋጋው ዝቅ ያለ ፖስታ በዚህ መንገድ ሲመረመር ማን እንደጻፈው፣ በመርከቧ ላይ ምን ይሠራ እንደነበርና ማን እንዳነበበው ይታወቃል።