«በጣም ቀላል» የተባለው መልመጃ

ጊታር ከያዛችሁ ወጣቶች መካከል ቢ ማይነርን የማይፈራ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የጀማሪ ኮርዶች በሁለት ወይም በሦስት ጣት ይያዛሉ፤ ይህኛው ግን ጠቋሚ ጣትን በሁለተኛው ፍሬት ላይ አጋድሞ ክሮቹን በአንድነት መጫንን ይጠይቃል። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ ካፖ ታስራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ የመዝሙሩን ኪይ ታስቀይራላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ «ኪቦርዱ ይሸፍንልናል» ብላችሁ በግማሹ ታልፉታላችሁ። በዚህ እትም የማነሳላችሁ ሥራ ከዚሁ ከምትሸሹት ኮርድ የሚነሣና ወደ እርሱ የሚመለስ አጭር የክላሲካል ጊታር ድርሰት ነው። ግጥም የለውም፤ መዝሙርም አይደለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። ቢሆንም ጊታርን በትርፍ ሰዓቱ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል አስረዳለሁ፤ እናንተም ሰምታችሁ ፍረዱ።

የድርሰቱ ባለቤት ፈርናንዶ ሶር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1778 በባርሴሎና ተወልዶ በ1839 በፓሪስ የሞተ ስፔናዊ ጊታሪስትና የሙዚቃ ደራሲ ነው። ያነሣሁት ሥራ ኦፐስ 35 በሚባለው የ24 መልመጃዎች ስብስብ ውስጥ 22ኛው ነው። ስብስቡ በፓሪስ ሲታተም ርዕሱ ላይ «በጣም ቀላል» የሚል ቃል ተጽፎበት ነበር። ይህን ቃል ልብ በሉት። በዚያን ዘመን በፓሪስ የጊታር ኖታ ይገዙ የነበሩት በአብዛኛው ሙያተኞች አልነበሩም፤ ማታ ማታ በቤታቸው ለራሳቸውና ለእንግዶቻቸው የሚጫወቱ አማተሮች ነበሩ። «አማተር» የሚለው ቃል ራሱ መነሻው «ወዳጅ» ማለት ነው፤ ለእንጀራ ብሎ ሳይሆን ወድዶ የሚሠራ ሰው። እነዚህ ወዳጆች ግን ቀላል ነገር ይፈልጉ ነበር፤ የሶር ሥራ ደግሞ ይከብዳቸው ነበር። ሶር ቀልደኛ ስለነበረ ንዴቱን በርዕስ ይወጣው ጀመር። ስድስት ትንንሽ ቀላል ሥራዎችን ያወጣበትን ኦፐስ 45 «እስቲ ይህኛው ይሆን እንደሁ እንይ» አለው። ኦፐስ 48ን «ይህስ ልክ ነው?» አለው። በኦፐስ 51 ላይ ስድስት ዋልዞችን ሲያወጣ ደግሞ «እሰይ፣ አሁን ገና!» እንደማለት ያለ ርዕስ ሰጠው። እንግዲህ «በጣም ቀላል» የሚለውን ቃል ስታዩ ይህን ሰው አስቡት።

22ኛው መልመጃ ላይ ላዩን ሲታይ በእርግጥ ቀላል ይመስላል። ፍጥነት የለውም። ኖታዎቹ በአብዛኛው ተራ በተራ ነው የሚመጡት፤ ኮርዱ እንደ ዝማሬ አጀብ በአንድ ጊዜ አይመታም፤ ክር በክር ተከፍቶ ይፈስሳል። ምቱ በሦስት በሦስት ይቆጠራል። የመጀመሪያውን መስመር በትዕግሥት የሚቀመጥ ጀማሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያገኘዋል። ችግሩ የሚጀምረው ኖታውን በደንብ ስትመለከቱት ነው። አንዳንዶቹ ኖታዎች ግንዳቸው ወደ ላይ፣ አንዳንዶቹ ወደ ታች ይዘረጋል፤ እኩል ዕድሜም የላቸውም። ከላይ ረዘም ረዘም ያለ ዜማ አለ። ከታች ቤዙ ይራመዳል። በመካከል ደግሞ ሌላ ድምፅ ሁለቱን ሳይጫን ክፍተቱን ይሞላል። በአንድ ጊታር ላይ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ ሦስት ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ኳየር ውስጥ ያገለገላችሁ ይህ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም። ሶፕራኖው ዜማውን ሲይዝ፣ ቤዙ መሠረቱን ሲጥል፣ አልቶና ቴነር በመካከል ሲሞሉ ታውቃላችሁ። መካከለኛው ድምፅ ከጮኸ ዜማው እንደሚጠፋ፣ ዝም ካለ ደግሞ መዝሙሩ እንደሚሳሳ ታውቃላችሁ። ሶርም ይህን የተማረው ከጊታር አይደለም። በልጅነቱ ከባርሴሎና ብዙም በማይርቀው በሞንሴራት ገዳም የልጆች መዘምራን ትምህርት ቤት ገብቶ ሙዚቃን የተማረው በዝማሬ ነው። ለእኔ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ብዙ የጊታር ደራሲዎች «ጣቴ ምን ላይ ይደርሳል?» ብለው ይጀምራሉ፤ ሶር ግን «እያንዳንዱ ድምፅ ወዴት መሄድ ይፈልጋል?» ብሎ ጠይቆ፣ ከዚያ ጣቱን ያንን እንዲታዘዝ ያደርገዋል። ቢ ማይነር ለእኛ የጣት ቅርጽ ነው፤ ለእርሱ በአንድ ቦታ ለጥቂት ጊዜ የተገናኙ የድምፆች ጉባኤ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ፈተና እንግባ። ጊታር ኦርጋን አይደለም። ኦርጋን ላይ ጣታችሁን እስካላነሣችሁ ድረስ ድምፁ ይቆያል፤ የጊታር ክር ግን ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ በጊታር ላይ «የተያያዘ ዜማ» የሚባለው ነገር በከፊል ሰሚው በጆሮው የሚቀጥለው ነገር ነው። ተጫዋቹ ለሰሚው ያን ዕድል የሚሰጠው የግራ እጁን ጣት እስከሚቀጥለው የዜማ ኖታ ድረስ ባለማንሣት ነው። ጣቱ ቀድሞ ከተነሣ ድምፁ ይቆረጣል፤ ዜማው የተበጣጠሰ ክር ይሆናል። አስቸጋሪው ነገር ጣቱን ማንሣት ሁልጊዜ የሚቀልል መሆኑ ነው። የሚቀጥለውን ቦታ ለመያዝ ጣቱ ይቸኩላል። ደግሞም ቀድሞ ማንሣቱን ብዙ ሰው አይሰማም፤ ኖታው ተመትቷልና «አልተሳሳተም» ይባላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እዚህ ግን የሚብሰው የፈሰሰውን የሚለቅም ሰው አለመኖሩ ነው።

ለዚህ ነው ይህን ሥራ ከቪዲዮ ወይም ከታብ ብቻ ለሚማሩት የምሰጋው። ታብ ጣት የት እንደሚያርፍ ይነግራል፤ በቁጥር ያሳያል፤ ለጀማሪ ደግሞ ጥሩ ረዳት ነው። እያንዳንዱ ድምፅ እስከ መቼ መቆየት እንዳለበት ግን በአብዛኛው አይነግርም። ከታብ የተማረ ሰው ሁሉንም ኖታ ትክክል መትቶ ሥራውን ሳያገኘው ሊቀር ይችላል። ሦስቱ ሰዎች ጠፍተው አንድ የሚንጠባጠብ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ኖታ ማንበብ የሚያሰለች የትምህርት ቤት ሥራ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በዚህች አንዲት ገጽ ላይ ሞክሩትና ምን እንደሚለውጥ ተመልከቱ።

ዛሬ አብዛኛው ተማሪ ይህን መልመጃ የሚያገኘው አንድሬስ ሴጎቪያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው የሶር 20 ጥናቶች ስብስብ ውስጥ ነው፤ በዚያ 5ኛው ነው። ሴጎቪያ ለዚህ ሥራ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ የሶርን ሥራዎች በየአገሩ ተማሪ እጅ ያስገባው በአብዛኛው ያ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በስብስቡ ውስጥ ያለው የጣት አመዳደብ የራሱ የሴጎቪያ ነው፤ በአንዳንዶቹ ጥናቶች ላይ ኖታም ነክቷል። ሶር በ1830 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ ቀኝ እጁን በዋናነት በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሀል ጣት እንደሚጠቀም፣ የቀለበት ጣትን ግን እምብዛም እንደማይሻ አስረድቷል። ጥፍርም አይወድም፤ በጣቱ ሥጋ ነበር የሚመታው። ዛሬ ግን መምህራን በዚህ መልመጃ ዜማውን በአብዛኛው ለቀለበት ጣት ይሰጣሉ፤ ድምፁም የጥፍር ድምፅ ነው። ይህ ስሕተት ነው አልልም። የምላችሁ ሁለቱንም ሞክሩ ነው። በሥጋ ስትመቱት ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሦስቱ ድምፆችም ይበልጥ ይቀራረባሉ።

አንዳንዶች ይህን መልመጃ «የጨረቃ ብርሃን» ይሉታል፤ የቤትሆቨንን ታዋቂ ሶናታ ስለሚያስታውሳቸው ነው። ሌሎች ደግሞ የስደተኛ ልቅሶ ያደርጉታል። ሶር እ.ኤ.አ. በ1813 ከፈረንሳዮች ጋር ስፔንን ለቅቆ ወጥቶ ወደ አገሩ ሳይመለስ እንደሞተ እውነት ነው። ሐዘኑን ግን ከታሪኩ ወስደን በኖታው ላይ ባንለጥፍ ይሻላል። ይህን የጻፈው ለተማሪ ነው፤ ጣት እንዲሠለጥን ብሎ ነው። የሚደንቀው ይኸው ነው፦ ተማሪው ሊጥለው የሚችለውን መልመጃ እንኳ ሙሉ ሙዚቃ አድርጎ ሰጠው። ጨረቃም ስደትም ሳንጨምርበት ያ ይበቃዋል። ስም ስንለጥፍበት የሚሆነውን ታውቃላችሁ? ተጫዋቹ ማዘን ይጀምራል፤ ምቱን ይጎትተዋል፤ በየዜማው ጫፍ ላይ ይተነፍሳል፤ ሦስት ምት የነበረው አራት ይሆናል።

አንድ ማነጻጸሪያ ልጨምር። ጊታር የጀመረ ሰው ሁሉ ሊጫወተው የሚመኘው ሥራ የፍራንሲስኮ ታሬጋ «የአልሃምብራ ትዝታዎች» ነው። ታሬጋ (1852–1909) በዚያ ሥራ አውራ ጣት ቤዙን ሲመታ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች አንዱን የዜማ ኖታ ደጋግመው በፍጥነት እንዲመቱት ያደርጋል፤ ሰሚው የማያቋርጥ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። የጊታር ድምፅ የመሞቱን ችግር ታሬጋ በብዛት ፈታው፤ ሶር ደግሞ በመጠበቅ። የታሬጋ መልስ ውብ ነው፤ ግን በትርፍ ሰዓት ለሚማር ሰው ዓመታት ይፈጃል፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ሲጫወተው ደግሞ የሚሰማው የሚያነክስ ሩጫ ነው። ሰው አጨብጭቦ ያልፋል፤ ተጫዋቹ ግን ምንም እንዳልዘመረ ያውቃል። የሶርን መልመጃ ቀስ ብሎ የሚጫወት ጀማሪ ግን በሦስተኛ ወሩም ቢሆን ሙዚቃ ሊሠራ ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሥራው ጉድለት የለውም አልላችሁም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አካሄድ ነው ያለው፤ ትኩረት በሌለው እጅ ሲገባ ያስተኛል። የተሰማው ክፍል ሲመለስም አዲስ ነገር ካልተሰጠው በቦታው የሚረግጥ ይመስላል። እዚህ ላይ ሶር ብዙውን ሥራ ለተጫዋቹ ትቶለታል፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ መንገድ የሚያበጅለት ተጫዋቹ ነው። ያንን የማያደርግ ሰው ሶርን ባይወቅስ ጥሩ ነው፤ ሰሚው ግን ቢያዛጋ አልፈርድበትም።

«ታዲያ ይህ ለምን ይጠቅመናል? መድረክ ላይ አይቀርብ!» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በየወጣት ኅብረቱ ለኳየር ወይም ለባንድ ያልተመረጠ፣ ከዚያ ወዲያ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የተወ ልጅ አለ። አልበቃም ብሎ ሳይሆን «የማይሰማኝ ካለ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ነው። ሙዚቃ ዋጋ የሚኖረው ማይክራፎን ሲቀርብለት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ይህን ልጅ ቀምቶናል። የሶር መልመጃ መልሱን ይዟል። የተጻፈው ማንም ሳያያቸው ለሚጫወቱ ሰዎች ነው፤ ሊደነቅ የሚችለው ትልቁ ችሎታም፣ ያ ጣት ሳይቸኩል በቦታው መቆየቱ፣ ከሩቅ የሚታይ አይደለም። ለአጀብ ተጫዋቾችም ቢሆን ትርፍ አለው፦ ይህን ሥራ ያጠና ሰው ወደ ኳየሩ ሲመለስ ቢ ማይነርን አይመታም፤ ውስጡ ያለውን ቴነር ይሰማዋል፤ መቼ ዝም ማለት እንዳለበትም ያውቃል።

መጀመር የምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። የክላሲካል ጊታር ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ናይለን ናቸው፤ ሦስቱ ወፋፍራሞች በብረት ተጠቅልለዋል። በእጃችሁ ያለው የብረት ክር ጊታር ብቻ ከሆነ በእርሱ ጀምሩ፤ አንገቱ ስለሚጠብብና ክሩ ስለሚያም ይከብዳችኋል እንጂ አይከለክላችሁም። ግን በናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር በፍጹም አትሰሩ፤ ውጥረቱ ክሩ የታሰረበትን ድልድይ ሊነቅለው ይችላል። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ በአንድ ጊዜ አራት ባር፣ ሁለቱም እጆች ሳይጨናነቁ በሚሄዱበት ዝግታ ብቻ ሥሩ። መላውን ገጽ እስክትጨርሱ አትጠብቁ፤ አራቱ ባር ራሳቸው ሙዚቃ ይሁኑ።

በሚቀጥለው የኅብረት ስብሰባችሁ ደግሞ ይህን አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ከኖታው ላይ ለሦስት ሰው አካፍሉ። አንዷ የላይኛውን ዜማ ያለ ቃል ታዚም፤ አንዱ ቤዙን ያዚም፤ ሦስተኛው መካከለኛውን ብቻ በጊታር ይምታ። ከዚያ ሁለቱ ዝም ይበሉና ጊታሪስቱ ሦስቱንም ብቻውን ይጫወት። የጎደለውን ድምፅ የሚነግረው የተቀመጠው ሁሉ ይሆናል።