የማጠናከሪያ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ሰዓት መጨመር ወይስ ማስተማር?

(የጉለሌን ሁኔታ መነሻ ያደረገ ሂሳዊ አስተያየት)

ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ዓላማ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ወደ ኋላ የቀረውን ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ማስተካከል ነው። ይሁን እንጂ ሥራው የሚመዘነው ስንት ክፍለ ጊዜ ተሰጠ፣ ስንት ተማሪስ ተገኘ በሚል ቁጥር መሆኑ ያሳስባል። የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታን፣ አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን አራት ዐበይት ርእሶች አድርጎ ይዟል። ማጠናከሪያው ከአራቱም ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ፣ በተመለከትኋቸው ዕቅዶች ውስጥ በአንድ መስመር ታልፏል።

ጉለሌን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሸማኔ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማግ ያጠነጥናል፤ በእንጦጦ ግርጌ የምትኖረውም ልጅ እናቷ እንጨት ለቅማ እስክትመለስ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ስለዚህ በ10 ሰዓት የሚጀመር ማጠናከሪያ አስቀድሞ የሚያጣው ይበልጥ የሚያስፈልገውን ልጅ ነው። በስም መጥሪያው ላይ «አለ» የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውንም ማንበብ የሚችሉት ናቸው። «ወላጆች ግንዛቤ የላቸውም» ሲባል እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን ግንዛቤ ያነሰው የቤተሰቡን ኑሮ ያላገናዘበው የጊዜ ሰሌዳ ነው።

ይዘቱም ከሰዓቱ የተሻለ አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል መምህር የጠዋቱን ምንባብ እንደገና በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አየሁ። ምንባቡን አሳምሮ የገለበጠ አንድ ልጅ፣ ጣቴን ያሳረፍሁበትን ቃል አንብብ ብለው ዝም አለ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ካዕብን ከሳልስ ለማይለይ ልጅ የጠዋቱን ምንባብ መድገም የጠዋቱን ውድቀት መድገም ነው። በህንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው መድቦ በማስተማር የተሻለ ውጤት አግኝቷል። ይህን ለመሞከር የሚያስፈልገው አጭር የቃል ፈተናና የፊደል ካርድ ነው።

ሰዓቱንም በሚመለከት የተሻለ ዕድል አለ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምሳ ስለሚቀርብ ልጁ እኩለ ቀን ላይ በግቢው ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ የሚገኘው ግማሽ ሰዓት ከ10 ሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ይልቅ ሸማኔውንም ልጁንም አያስቸግርም። የሚቀረው የመምህሩ ጉዳይ ነው፤ እርሱም በእኩለ ቀን ምሳ መብላትና ማረፍ አለበት። ግማሹ ሰዓት ከሳምንታዊ የማስተማር ጭነቱ ካልተቀነሰለት ሰሌዳውን ሞልቶ ከመቀመጥ የተለየ ነገር ልንጠብቅበት አይገባም።