ስለ ጋራ መሬት

«ከተማ መናፈሻውን ለሕንፃ ሠሪ ቢሰጥ ገንዘብ ያገኛል፤ ሣርና ዛፍ ግን ሥራ ፈት ነው» የሚሉ አሉ። ገንዘብ ማስፈለጉ እውነት ነው፤ ሣር ሥራ ፈት ነው ማለት ግን ስሕተት ይመስለኛል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን በመንዝ ጓሳ መዝነው። አባቶች በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፍቱት ነበር፤ ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው፣ ከብት ከድርቅ የሚተርፈው በዚያ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ ተሰብስቦ ጥበቃውን መለሰ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም ይላል። ነገር ግን በሊዝ ለረጅም ዘመን የተሰጠ መናፈሻ፣ ለዛሬ ልጆች ከተሸጠ በምን ይለያል? የተጎዳ ሣር ይመለሳል፤ ሕንፃ የቆመበት መናፈሻ ግን አይመለስም። ዋጋው አንድ ጊዜ ይበላል፤ ጉድለቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።