«ኮሌጅ» በጅቡቲ ከተማ፦ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ደረጃ

በጅቡቲ ከተማ በአማርኛ «ኮሌጅ ጨረሰ» ቢባል፣ አነጋገሩ በጣም የተራራቁ ሁለት ሰዎችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው ዘጠነኛ የትምህርት ዓመቱን አጠናቆ ወደ ሊሴ ለመግባት የተዘጋጀ ታዳጊ ነው። ሁለተኛው በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ሙያ ተምሮ የተመረቀ ጎልማሳ ነው። በንግግር ጊዜ የተናጋሪው ዕድሜና ሁኔታ ብዥታውን ያጠሩታል፤ በተተረጎመ የምስክር ወረቀት ላይ ግን የሚያጠራው ነገር የለም። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ቃሉን ሳይሆን ድምፅ ስለተመሳሰለ ትርጉሙም ተመሳስሏል ብሎ የሚያልፈውን የትርጉም ልማድ ነው።

1. የቃሉ ጉዞ

የላቲኑ «ኮሌጊዩም» ትርጉሙ የባልደረቦች ማኅበር ነው። ቃሉ በመነሻው ሰዎችን ሰየመ እንጂ ሕንፃን ወይም የትምህርት ደረጃን አልሰየመም። ደረጃውን እያንዳንዱ አገር በየበኩሉ ሞላው። በእንግሊዝ በ1440 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢተን ኮሌጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የኦክስፎርድ ኮሌጆች ደግሞ የዩኒቨርሲቲው አካላት፣ የተማሪዎቹም ማደሪያና መማሪያ ናቸው። በአሜሪካ ቃሉ በብዛት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥበትን ተቋም ያመለክታል። በፈረንሳይ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ «ኮሌዥ» ይገባል፤ በ1530 የተመሠረተው ኮሌዥ ደ ፍራንስ ግን ዲግሪ የማይሰጥ ከፍተኛ የምርምር ተቋም ነው። ስለዚህ «የቃሉ ትክክለኛ ፍች የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከመነሻው የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ተገቢው ጥያቄ «በየትኛው ሥርዓት ውስጥ?» የሚለው ነው።

ቃሉ ወደ አማርኛ በየትኛው በር እንደገባ ድምፁ ብቻውን አይነግረንም። የእንግሊዝኛው ሁለተኛ አናባቢ ወደ «ኢ» ስለሚጠጋ በጆሮ ብቻ የተወሰደ ቢሆን «ኮሊጅ» ይጠበቅ ነበር። የ«ሌ» ድምፅ ከፈረንሳይኛው ወይም ከጣሊያንኛው «ኮሌጆ» ጋር ይስማማል፤ ሆኖም ከተጻፈው ፊደል ተነብቦ የተወሰደ ቃልም ይህንኑ መልክ ሊይዝ ይችላል። የመጨረሻው ተነባቢ ወደ እንግሊዝኛው ያዘነብላል፤ ፈረንሳይኛው የሚያልቀው በ«ዥ» ነውና። ነገር ግን «ልጅ» በአንዳንድ አካባቢ «ልዥ» በሚባልበት ቋንቋ «ጅ» ጠንካራ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከድምፁ ይልቅ የተቋማቱ ታሪክ ይናገራል። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር «ለገሃር»ን ከፈረንሳይኛ አምጥቶልናል፤ በ1947 የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያምም «ሊሴ»ን በአዲስ አበባ አጽንቶታል። «ኮሌጅ» ግን ፍቺውን ያጸናው በ1950 በተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ዘመን ነው። ሦስቱም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ነበሩ። ዛሬም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥም የትምህርት ክፍሎችን የሚያቅፈው ኮሌጅ በስፋት ቢለያዩም ይህን ወለል ይጋራሉ።

2. ሁለቱ ሥርዓቶች ሲገናኙ

በጅቡቲ መሠረታዊ ትምህርት ዘጠኝ ዓመት ነው፤ አምስቱ የመጀመሪያ ደረጃ፣ አራቱ ኮሌዥ። ሦስት ዓመት የሚፈጀው ሊሴ ከዚያ ይከተላል። በ2006 የተመሠረተው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲም በውስጡ ያሉትን ዋና አካላት «ፋኩልቴ» እና «ኢንስቲትዩት» ይላቸዋል። ስለዚህ በዚህች ከተማ በፈረንሳይኛ «ኮሌዥ» ከሊሴ በታች ያለ እርከን ነው።

የከተማዋ ሌላው የሥራ ቋንቋ ዐረብኛ በዚህ ጉዳይ ከአማርኛ ጋር ይቆማል። «ኩሊያ» የዩኒቨርሲቲን አካል ወይም የከፍተኛ ትምህርት ተቋምን ይሰይማል፤ የሶማሊኛው «ኩሊያድ»ም ከእርሱ የመጣ ነው። ከ«ኮሌጅ» ጋር ያለው የድምፅ መቀራረብ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ የዐረብኛው ሥር የግዕዙ «ኵሉ» ዘመድ ነውና። እንዲህም ሆኖ «ኩሊያ»ን «ኮሌጅ» ብሎ የተረጎመ ሰው ትክክል ነው፤ «ኮሌዥ»ን «ኮሌጅ» ብሎ የተረጎመው ግን ተሳስቷል። በድምፅ የራቀው ቃል በትርጉም ቀረበ፤ በድምፅ የቀረበው ራቀ።

ችግሩ በአንድ ቃል አያበቃም። «ባካሎሬያ» የሊሴ ማጠናቀቂያ ነው፤ ከ«ባችለር» ጋር ግን በቀላሉ ይምታታል። የመጀመሪያ ዲግሪ «ሊሳንስ» ይባላል፤ ይህም የሥራ ፈቃድ ሊመስል ይችላል። የሊሴ መምህር በፈረንሳይኛ «ፕሮፌሰር» ነው፤ በአማርኛ ይህ የዩኒቨርሲቲ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። በፈረንሳይኛ ማናቸውንም የትምህርት ማስረጃ የሚያጠቃልለው «ዲፕሎም»፣ በኢትዮጵያ «ዲፕሎማ» ሲባል ከዲግሪ በታች ያለ የኮሌጅ ማስረጃ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ የዘጠነኛ ዓመት ማጠናቀቂያ «የኮሌጅ ዲፕሎማ» ተብሎ ቢተረጎም፣ እያንዳንዱ ቃል በድምፅ ታማኝ ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ሐሰት ይሆናል። በተቃራኒው አቅጣጫ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ምሩቅ ማስረጃው «ኮሌዥ» ተብሎ ሲቀርብ የሦስትና ከዚያ በላይ ዓመታት ትምህርቱ ይሰረዝበታል። በስሕተቱ የሚጎዳው ሥራ ወይም ትምህርት ፈላጊው ነው፤ ጉድለቱንም ከእርሱ እንጂ ከቃሉ የሚፈልግ የለም።

3. ምን ይሻላል?

መፍትሔው «መካከለኛ ትምህርት ቤት» የሚለውን መተካት ብቻ ይመስላል፤ ግን አይበቃም። የኢትዮጵያ መካከለኛ ደረጃ በአሁኑ አደረጃጀት 7ኛና 8ኛ ክፍልን ይይዛል፤ የጅቡቲው ኮሌዥ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ዓመት ይዘልቃል። ወሰኖቹ አይገጣጠሙም። የቆየው የአብነት ትምህርት እዚህ ላይ ያስተምረናል፦ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት የሚሉት ስሞች በውስጡ የሚማሩትን ይናገራሉ። «ኮሌጅ» ስለ ይዘቱ ምንም ስለማይል፣ ተርጓሚው ያልተነገረውን መሙላት ግዴታው ይሆናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ እንዲደረግ እናሳስባለን። የጅቡቲውን ተቋም በ«ዥ»፣ «ኮሌዥ» ብሎ መጻፍ፤ ከጎኑም «ከ6ኛ እስከ 9ኛ የትምህርት ዓመት» ብሎ መግለጽ። «ጅ» እና «ዥ» በብዙዎች አፍ ስለሚቀላቀሉ ልዩነቱ በንግግር ይጠፋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ የዓመታቱ ቁጥር የሚጨመረውም ስለዚህ ነው። ፊደሉ ለአንባቢው ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ቁጥሩ ደግሞ ፍርዱን ይሰጣል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ኮሌጅ» የሚለውን ገብ ቃል አንድ አቻ ከመስጠት ይልቅ በየሥርዓቱ ከፋፍለው ሊፈቱት ይገባል።